የሣህሊቱ ቅባትና የምንይችል ደረት

ምንይችል የመተማ ሰው ነው፤ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሰሊጥ ገበያ ጆንያ ተሸካሚ ነበር። ኩንታል ሰሊጥ ብድግ አድርጎ መኪና ላይ ሲወረውር ያዩት ሁሉ «ይኸስ በሬ የወለደው ነው» ይሉታል። አንድ ቀን ከመኪናው የተንሸራተተ ጆንያ ደረቱን መታውና እያቃሰተ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ሣህሊቱ አልነበረችም። እሷ ከከሰላ የሚመጣ ነጋዴ የሚያከፋፍላትን ቅባትና ሽቶ በየቤቱ እየዞረች ለሴቶች ትሸጣለች። አልጋው ሥር ካለው ካርቶን ውስጥ፣ ለማሳያ የተከፈተች አንዲት ብልቃጥ አገኘ። ጽሑፉ ዓረብኛ ነው፤ ምንይችል ደግሞ ዓረብኛን በአፉ እንጂ በዓይኑ አያውቀውም። አሸተታት። ቅርንፉድ ቅርንፉድ አለችው።

«መቼም የወለምታ ሳትሆን አትቀርም» ብሎ ደረቱን ግራና ቀኝ አሸት አሸት አደረገ።

ሕመሙ ብዙም ሳይቆይ ለቀቀው፤ እሱ ግን ቅባቷን አልለቀቃትም። ከሸክም በተመለሰ ቁጥር ይታሽባታል። ሣህሊቱም ብልቃጧ ስትጎድል ደንበኞቿ አብዝተው የሞከሯት እየመሰላት ሌላ ትከፍታለች።

አዝመራው ሲደርስ ነገር መጣ። መጀመሪያ የጡቱ ጫፍ ሸሚዝ ሲነካው ያመው ጀመር። ቀጥሎ አበጠ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ ጆንያ በጀርባው ይዞ ሲሮጥ በፊት ለፊቱ ሌላ ሸክም አብሮት ይዘል ጀመር። በዚያ ሐሩር ሁለት ሸሚዝ ደርቦ መልበስ አመጣ። ጢሙ ማደጉን ተወ። ያ ነጎድጓድ ቁጣው ጠፍቶ፣ አንድ ቀን አህያ ስትገረፍ አይቶ አለቀሰ። ሲተኛም ከሣህሊቱ ጎን እንደ ታናሽ ወንድም ጥቅልል ይላል። እሷ «ሸክሙ ጎድቶት ነው» ብላ አለፈችው።

ቢጨንቀው ምስጢሩን ለሸክም ጓደኛው ለአክሊሉ አዋየው።

«ይኸ የፉል ነው» አለ አክሊሉ። «ሱዳኖች ባቄላውን በዘይት ነው የሚያሰምጡት።»

«አንተስ ፉል አይደል የምትበላ?»

አክሊሉ ደንገጥ ብሎ የራሱን ደረት ዳበሰ።

ነገሩ አደባባይ የወጣው አንድ ዓርብ ነው። ምንይችል ጓሮ ሲታጠብ፣ ሐጃ ባሕሪያ የሚባሉ የሰፈሩ ትልቅ ሴት ብልቃጥ እያወዛወዙ ግቢ ገቡ።

«ሣህሊቱ! ውሰጂ ይችን ጉድሽን! የወንድሜ ልጅ ሠርጓ ደርሷል። ጡት ያወጣል ብለሽ ሸጥሽልኝ፤ ልጅቱ ዛሬም እንደ ጣውላ ናት! ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ!»

«ትንሽ ይታገሡ እንጂ ሐጃ...»

ሳትጨርስ ምንይችል ጩኸቱን ሰምቶ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ብቅ አለ። ሐጃ አፋቸውን ያዙ። ሣህሊቱም ባሏን በቀን ብርሃን ልብሱን አውልቆ ካየችው ቆይታ ነበርና ክው አለች።

«ምን ተቀብተህ ነው አንተ?» አሉ ሐጃ።

«ኧረ ምንም። ያችን የወለምታ ቅባት ነው» አለና ጣቱን ወደ ብልቃጧ ቀሰረ።

ሐጃ ብልቃጧን መልሰው ጉያቸው ከተቱ። «ወላሂ ያች ልጅ በደንብ አልተቀባችም! ሁለት ጨምሪልኝ» አሉ።

በማግስቱ ግቢው በሴት ተጥለቀለቀ። ለመግዛት የመጣችው ሁሉ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ባልሽ የታለ?» ብላ ነው። ምንይችል አንዲት ብልቃጥ ኪሱ ከትቶ በአጥር ዘለለና አክሊሉን ይዞ ሐኪም ዘንድ ሄደ።

ሐኪሙ ሙዘይን የሚባል የረጋ ሰው ነበር። ያበጠውን ጨመቅ ጨመቅ አደረገና ጥያቄ አዘነበ። ዐረቄ ትጠጣለህ? ጉበትህን ታመህ ታውቃለህ? የጨጓራ ክኒን ትውጣለህ? ከታች ተመትተህ ታውቃለህ? ወይስ አብጦብህ ያውቃል?

«ፉልስ?» አለ አክሊሉ ጣልቃ ገብቶ።

«ፉልን ተወው። የምትቀባው ነገር አለ?»

ምንይችል ብልቃጧን አወጣ። ሐኪሙ አነበባትና ሳቁን በሳል ሸፈነው። የሴት ሆርሞን እንዳለባት፣ በቆዳ በኩል ወደ ደም እየገባች የወንዱን ሆርሞን እንደምታደክም፣ የጡቱም የጢሙም የመኝታውም ጣጣ ከዚሁ እንደመጣ አስረዳው። «ሴቶችም ቢሆኑ ያለ ሐኪም ሊቀቧት አይገባም» አለ። «አንተም ተዋት። አብዛኛው ቀስ እያለ ይጎድላል፤ ካልጎደለ ተመለስ።»

ቤቱ ሲደርስ ሴቶቹ አልተበተኑም፤ ሐጃ ባሕሪያም ከመሃላቸው አሉ።

«ስሙ! ይኸ መድኃኒት ነው፣ ጉዳት አለው፣ ተዉት ብሏል ሐኪሙ!» አላቸው።

«ሐኪም ምን ያውቃል፣ አንተን እያየን!»

ቢቸግረው ሣህሊቱን ጥግ ይዞ የቀረውን በጆሮዋ ነገራት። ባሏ እንደ ታናሽ ወንድም የሚተኛበትን ምክንያት ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። ካርቶኑን እቅፍ አድርጋ «ዕቃው አልቋል! ሂዱ ወደየቤታችሁ!» አለች። ከሐጃ ጉያም ብልቃጦቹን እየጎተተች አወጣች።

«ምን ነገረሽ?» አሉ ሐጃ። አልለቅ ቢሏት ሹክ አለቻቸው።

ሐጃ ባሕሪያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «እንግዲያው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለልጅቱ ይቅር። ለባሌ አንድ ካርቶን ስጪኝ። ሁለተኛ ሚስት ላግባ እያለ ቁም ስቅሌን አሳይቶኛል።»

ሣህሊቱ እንቢ አለች። ሐጃ ተቀይመው ሄዱ፤ ካርቶኑም ሽንት ቤት ገባ።

የምንይችል ደረት ወራት ፈጀ እንጂ ጎደለ፤ ግራው ብቻ ትንሽ ጉብ ብሎ ቀረ። ገበያው ውስጥ እንደገና ይጮህ ጀመር፤ ተሸካሚዎቹም «ተመስገን፣ ዳነ» ተባባሉ። ሣህሊቱ ስለ መኝታው ለጎረቤት ትንፍሽ አላለችም፤ ጠዋት ጠዋት ግን እያንጎራጎረች ነው የምትወጣ። ቅባቱን ትታ የፕላስቲክ ሳፋ መሸጥ ያዘች።

«ሳፋ ደግ ነው» አለችው አክሊሉን፣ «ማንም ደረቱ ላይ አያሸውም።»