አብሽ አብሽ የሚለው አንሶላ

ጎረቤቴ ብርቅነሽ አብሽ አትወድም። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ልጇን ጉልላትን የወለደች ጊዜ፣ ጡቷ ወተት እንዲሞላ ብለው እናቷ በየማለዳው አብሽ ይመቱላት ነበር። እሷ አፍንጫዋን ይዛ አንዴ ትጎነጭና ኩባያውን ለእኔ ታሳልፋለች። እኔ ደግሞ የተሰጠኝን የምመልስ ሰው አይደለሁም። አራሷ እሷ፣ የፋፋሁት እኔ።

ስለዚህ በሰባ ሰባት ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ከጋራ ገመዳችን ልብሴን ሳወርድ የእሷ አንሶላ አብሽ አብሽ ሲለኝ ጊዜ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አብሽ የሚጠጣ ሰው ላቡ ይናገርበታል፤ ሳሙናም አያስለቅቀው። የብርቅነሽ ባል ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ቤቷ ውስጥ ከእሷ ሌላ ሰው የለም። ጉልላት ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ቀበሌ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ማግስት ሑመራ ለቀን ሥራ ሄደ ተባለ። ከሄደ አራት ወሩ። አራት ወር ሙሉ ወሬው ጠፋ እያለች ስታለቅስ፣ እኔም አብሬያት ሳለቅስ ነው የከረምኩት።

አንሶላውን አጣጥፌ ይዤላት ሄድኩ። ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች።

"ብርቄ፣ ስንት ወርሽ ነው?" አልኳት።

"የምኑ?"

"አንቺ አብሽ ከጀመርሽ መቼም ያለ ነገር አይደለም።" አንሶላውን ጭኗ ላይ አኖርኩላት። "አሽትቺው እስቲ።"

አሸተተችው። ፊቷ አመድ መሰለ። አራት ወር ከድምፅ ስትጠነቀቅ፣ ከሳል ስትጠነቀቅ፣ ከጥላ እንኳ ስትጠነቀቅ ሽታ ትዝ አላላትም። ሰው የራሱን ቤት ሽታ አያውቀውም።

"ከስቶብኝ ነው ሙሉዬ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ፀሐይ አያይ፣ አይራመድ። አጥንቱን ቆጠርኩት።"

እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። የቁም ሳጥኑ ጀርባ ጣውላ ይነሳል፤ ከበስተኋላው ባሏ ከሰል ያስቀምጥባት የነበረች ጠባብ ዕቃ ቤት አለች። ጉልላት ጉልበቱን አገጩ ድረስ ሰብስቦ ተቀምጧል። ኩባያ በእጁ ነው።

"እንደምን ዋሉ እትዬ ሙሉ" አለኝ፣ ሱቅ በር ላይ የተገናኘን ይመስል። ኩባያውን ዘረጋልኝ። "ይቀበሉኝ፤ ድሮም የእርስዎ ድርሻ ነው አሉ።"

ልስቅ አልኩና አቃተኝ። የእጁ አንጓ የማንኪያ እጀታ አክሏል።

ወደ ጓሮ ስንመለስ ብርቅነሽን ተቆጣኋት። "ሬድዋን ሱቅ ንጹሕ ቡላ አለልሽ፣ ተልባም አለ። ቡላ አይሸት፣ አይናገር። ገንፎ ብታደርጊው፣ አጥሚት ብታደርጊው ዝም ብሎ ነው የሚረጋው።"

"ቡላ ሆድ ይሞላል። ሥጋ የሚሆነው አብሽ ነው።"

"ሥጋው የጠመንጃ ቀለብ ከሚሆን..."

"ተይኝ" አለች። "ነገ እተወዋለሁ።"

እንደማትተወው አውቃለሁ። የአብሽ ሥራ እጅ ያስለምዳል። ማታ ዱቄቱን ትዘፈዝፊያለሽ፤ ጠዋት ከላይ የጠለለውን መራራ ውኃ ትደፊያለሽ፤ ሌላ ውኃ ትጨምሪና እንደገና ትደፊያለሽ። ከዚያ ከሥር የቀረችውን ጭቃ የመሰለች ነገር በማንኪያ መምታት ነው። መጀመሪያ ትሳባለች፣ ማንኪያውን አልለቅም ትላለች። ክንድሽ ሲዝል ትነጣና ኩፍ ትላለች። ከአንዲት እፍኝ ሳህን ሙሉ ይወጣል። ልጇ ዓይኗ እያየ ለሚመነምንባት እናት ይህን ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

በማግስቱ ግን ነገሩ ከእጃችን ወጣ። ወልዱ መጣ።

ወልዱ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ነው። ጠመንጃ ያንግት እንጂ እዚሁ መንደር ያደገ፣ እናቱ በአብሽ ያሳደጉት ልጅ ነው። ባለፈው ዙር የታናሽ ወንድሙን ስም በገዛ እጁ መዝግቦ ሰጥቷል፤ ለዘመዱ አደላ እንዳይባል። ወንድሙ ወደ ሰሜን ከሄደ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንድ ደብዳቤ አልመጣም።

ብርቅነሽ አንሶላውን ደግማ አጥባ ካሰጣችበት ገመድ አጠገብ ቆሞ አየሩን ሳበ።

"የማን አንሶላ ነው አብሽ አብሽ የሚለው?"

ብርቅነሽ ባልዲ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አፌ ቀደመኝ።

"የኔ ነው። ወገቤን ይዞኛል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካረጀሁ ጀምሮ።"

"አላረጁም እትዬ ሙሉ" አለ። አልሳቀም። "ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ እጠይቅዎታለሁ፤ ይሻልዎት እንደሆነ።"

ከዚያን ቀን ወዲያ እኔም ጠጪ ሆንኩ። ብርቅነሽ በየማለዳው ሁለት ኩባያ ትመታለች፤ አንዱ ለጓዳ፣ አንዱ ለእኔ። ባለቤቴ ኡርጌሳ አናጺ ነው፤ ዝምተኛ ነው። በሦስተኛው ቀን ግን "አልጋው ውስጥ ወጥ ቤት ገባሳ" አለኝ። ምሬቱን መንደር ሳያወጣው እውነቱን ነገርኩት። ከዚያ ወዲያ ስለ ሽታው ቃል አልተናገረም። ወገቤን ይዤ እያነከስኩ መሄድ ተማርኩ፤ ቀሚሴ ደግሞ አልቆለፍ አለ።

ወልዱ ቃሉን ጠበቀ። በሦስተኛው ቅዳሜ ብርቅነሽ ቤት አብሼን ስጠጣ ደረሰብኝ። ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። ብርቅነሽ የምታደርገው ቢጠፋት የልጇን ኩባያ ሰጠችው።

እስከ አተላው ጠጣው።

"እናቴም እንዲህ አድርጋ ነበር የምትመታው" አለ። "ወንድሜ ከሄደ ወዲህ አትመታልኝም። አታናግረኝምም።"

ሳህኑን አየው፤ ገና ግማሽ ነው።

"ይኼ ለአንድ ወገብ አልበዛም?"

"ወገቤን አላየኸውም እንዴ ልጄ?" አልኩት።

ከንፈሩ ፈገግ ሊል ብሎ ተመለሰ። ጠመንጃውን አንሥቶ በሩ ላይ ቆመ። "ሰኞ ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሰዎች ይመጣሉ" አለ፣ ፊቱን ወደ ደጅ አድርጎ። "ቤት ለቤት ነው። ቁም ሳጥን ሳይቀር ያስነሳሉ።" ሄደ።

ሊያስጠነቅቀን ይሁን ሊያስፈራራን አላወቅንም። ብርቅነሽ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "ሽታው ሳምንት አይለቀው" አለች። "ካባ ባለብሰው፣ ቄስ ባስመስለው ያው አብሽ ነው። በዚህ ሰፈር አብሽ የሚሸት ሰው ማን አለ?"

"እኔ አለሁ" አልኩ።

እንዲህ ሆነ። ኡርጌሳ በዚያው ቀን ከሁለት ወፍራም እንጨትና ከማዳበሪያ ከረጢት ቃሬዛ ሠራ። የሙሉ ወገብ ብሶባታል፣ እሑድ ጠዋት እንጦጦ ማርያም ጠበል ትወሰዳለች ተብሎ ለጎረቤት ተነገረ። ተሸካሚ ጎደለ። ሬድዋን ሱቁን ዘግቶ መጣ።

"አንተ ሙስሊሙ፣ ለማርያም ጠበል?" አልኩት።

"የምሸከመው ደንበኛዬን ነው" አለኝ። "በእርስዎ ምክንያት ስንት ኪሎ አብሽ ሸጫለሁ መሰለዎት?" ማን እንደሚተኛበት አውቋል፤ አልጠየቀም።

ጎሕ ሲቀድ ጉልላት በእኔ ጋቢ ተጠቅልሎ፣ በእኔ ነጠላ ተሸፍኖ ቃሬዛው ላይ ተጋደመ። እኔ ደግሞ እሱ ቦታ ገባሁ፤ ታማ የተወሰደች ሴት ደጅ ላይ ልትታይ አትችልማ። ጣውላው ተዘጋ። የውጭው በር ሲቆለፍ ሰማሁ።

እግሬን ልዘረጋ ብል ግድግዳ ነው። ወለሉ ላይ የኩባያ ቂጥ ያተመው ክብ፣ በክብ ላይ ክብ ተደራርቧል። አየሩ ራሱ አብሽ ነው። ሰዎች በአጥሩ ሥር ሲያልፉ ስለ ስኳር ሰልፍ ሲያወሩ ይሰማል። ከሰዓት በኋላ እግሬ መኖሩን ረሳሁት። ልጁ ግን እዚህ ከእኛ ለቅሶ አንድ ግድግዳ ርቆ ነው አራት ወር የከረመው፤ እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ ለእናቱ፣ እግዜር ያለበትን ያሳይሽ እላት ነበር።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁም ሳጥኑ ተገፋ። ኡርጌሳ በብብቴ ይዞ አወጣኝ። ብርቅነሽ እግሬን እያሸች ነገረችኝ።

ዳገቱ መጠምዘዣ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ወልዱ ቆሞ ነበር። አስቆማቸው።

"ማን ናቸው?"

"ሙሉ ናት" አለ ኡርጌሳ። በሕይወቱ የዋሸው ይህቺን ብቻ ይመስለኛል።

ወልዱ ጎንበስ አለ። አሸተተ። ነጠላውን ለመግለጥ እጁን አልሰደደም። "እግዜር ይማርዎ እትዬ ሙሉ" አለ። ብርቅነሽ ከልጇ ቀድማ "አሜን" አለችለት። ከዚያ የሬድዋንን ላብ አየና "አንተ ደክሞሃል፣ አምጣ" ብሎ ገባበት። ጠመንጃውን በአንድ ትከሻ፣ ቃሬዛውን በሌላው ይዞ ዳገቱን ወጣ። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ ሲያወርዱ፣ ትከሻውን እያሸ ኡርጌሳን አየው።

"እትዬ ሙሉ በአብሽ ቀለሉ" አለው።

ወረደ፤ ዞሮም አላየ። ጉልላት ከአጥሩ ጀርባ ተነሥቶ በጫካው ወደ ሱሉልታ ወረደ፤ አጎቱ እዚያ አለ። ከአራት ወር በኋላ የተራመደባት የመጀመሪያ መንገድ ናት። ሦስት ጊዜ ወደቀ አለች ብርቅነሽ፤ ከዚያ ወዲያ ዛፉ ከለለባት።

ሰኞ እንደተባለው መጡ። ቁም ሳጥኑ ተነሣ። የከሰል ጆንያ ብቻ ነበር። ከከፍተኛው የመጣው ሰውዬ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ "ምንድን ነው የሚሸተው?" አለ።

"አብሽ ነው" አለ ወልዱ ከኋላው። "የእኚህ ሴትዮ ወገብ ነው። ጠበልም ወጥተው ነበር።"

ሰውዬው እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ጽፎ ወጣ። ወልዱ ወደ ኋላ ቀረት አለ። "አብሹን አሁን እንዳታቆሙ" አለ። "ያስነቃል።"

አላቆምንም። ወልዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ጠመንጃውን ያስደግፍና ይቀመጣል። ከሱሉልታ አንድ ጊዜ ብቻ ወሬ መጣ፤ አጎቱ ዘንድ ሁለት ቀን አድሮ ወደ ጎጃም በኩል ሄዷል የሚል። ከሰሜንም ለወልዱ እናት ደብዳቤ አልመጣም። እኔና እሱ በርጩማ ላይ ጎን ለጎን እንጠብቃለን፤ ብርቅነሽ ሁለት ኩባያ ትመታለች። ከነጣ ቆይቷል፣ ኩፍ ብሎ ከሳህኑ አፍ ደርሷል፤ ማንኪያው ግን አይቆምም።

"በቃ ብርቄ፣ ደርሷል" እላታለሁ።

"ትንሽ ይቀረዋል" ትለኛለች።