ከክምሩ ሥር ያለው ጉድጓድ

«ያንተ አያትማ ሜዳውን ሲደለድል የከረመ ነው! ጉድጓዱን የቆፈረው የኔ አያት ነው!»

«ዝም በል ገነነ! የሞተ አይሰማም ብለህ ነው? የጣሊያኑን አውሮፕላን ጎማ የሰበረው ጉድጓድ የአያቴ የእጁ ሥራ ነው። አገር ያወቀው ነው።»

«የቱ አገር? ያንተ ጓሮ?»

ወለተ ሐና ከጤፍ ክምሯ አጠገብ ቆማ ሁለቱን ጎረቤቶቿን፣ ገነነንና ደረሰን፣ ትሰማለች፤ ዓይኗ ግን ወደ ሽንዲ በኩል ነው። ከዚያ በኩል፣ በጥር ወር ምን ጉዳይ እንዳለው የማይታወቅ ጥቁር ደመና እየተሳበ ይመጣል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጤፏን የሚወቃላት ወንፈል ነው። ተራዋ ዛሬ ነው፤ ነገ ወንዶቹም በሬዎቹም ሌላ ሰው አውድማ ላይ ናቸው። ክምሩን ዝናብ ካገኘው ደግሞ የዓመት ቀለቧ እዚያው ይበሰብሳል።

የጠቡ መነሻ ከፍኖተ ሰላም የመጣው የባህል ባለሙያ ሠርክአዲስ ነው። ጠዋት በቡሬ በኩል በባጃጅ መጥቶ፣ ሜዳው ታሪካዊ ስለሆነ የመታሰቢያ ድንጋይ እንደሚቆምበት አበሠረ። «የአርበኞቹን ስም ንገሩኝ፣ ይቀረጻል» አለ። ደረሰና ገነነ ጅራፋቸውን ጣሉ። በሬዎቹም ቆሙ።

ሜዳው ጣሊያን ለአውሮፕላን ማረፊያ በአገሬው ጉልበት ያስደለደለው ነው። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ጉግስ ተጋልቦበታል፣ ለቅሶ ተቀምጦበታል፣ የትምህርት ቤት ልጆች ኳስ ይራገጡበታል። አፈሩ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ስለሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚያምርበት ግን አውድማነቱ ነው። የወለተ ሐና አማት፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ጣሊያን ጎጃም ውስጥ የሰመረለት ሥራ አውድማችን ብቻ ነው» ትል ነበር። የአርበኞቹንም ነገር ታወራ ነበር፤ ቀን ቀን ሁሉም ይደለድላል፣ ሌሊት ሌሊት ሁሉም ይቆፍራል፣ ሲነጋ ደግሞ ከጣሊያን ዱቄት እየተሰፈረለት የቆፈረውን ይደፍናል። ጉድጓዱ የት እንደነበር ግን አንድም ቀን አልነገረቻትም።

«ጉድጓዱ ቢገኝ ክርክሩ በማስረጃ ይቋጭ ነበር» አለ ሠርክአዲስ። «እትዬ፣ እርስዎ ቦታውን ያውቁታል?»

ወለተ ሐና ደመናውን ቀና ብላ አየችው።

«ምነው አላውቀው» አለች። «ከዚህ ክምር ሥር ነው።»

«እንግዲያ ክምሩን ወደዚያ እናዙረዋ!»

«ምን አልክ ልጄ?» አለ ደረሰ በድንጋጤ። «የተከመረ እህል ከተነሣ የሚሄደው ወደ አውድማ ነው። ሌላ ቦታ ከዞረ በረከቱ ይሸሻል።»

«እውነቱን ነው» አለ ገነነ። ከጠዋት ጀምሮ የተስማሙበት ነገር ይኸ ብቻ ነበር።

ደረሰ ከምሥራቅ፣ ገነነ ከምዕራብ ክምሩን ወደ አውድማው ይንዱት ጀመር። ቀድሞ ከጉድጓዱ ለመድረስ ሁለቱም ይሽቀዳደማሉ፤ ሌላው ወንፈለኛም ከየወገኑ ጋር ተሰልፏል። ወለተ ሐና እንዲህ የተጣደፈ ወንፈል በዕድሜዋ አላየችም። ሠርክአዲስ ሊያግዝ አውድማው ላይ ሲወጣ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ጫማህን!» ብለው ጮኹበት። አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ከበሬዎቹ ኋላ ይዞር ገባ። ጥቂት ቆይቶ «አለቀ?» ቢል ደግሞ ገነነ በመንሹ ሊመታው ምንም አልቀረው።

«አውድማ ላይ እንዲህ ያለ ቃል አይነገርም! የሴትዮዋን በረከት ሊያሸሽ ነው ይኸ ሰው!»

ደመናው ከፊት ከፊቱ ነፋስ ሰደደ፤ ምርቱን ለማዝራት ከዚያ የተሻለ ነፋስ አይገኝምና የተወቃውን አዘሩት። ክምሩ ካለቀ በኋላ ከሥሩ የተነጠፈው ድንጋይና ቅርንጫፍ ቀረ። ደረሰ አንዱን ድንጋይ ሊፈነቅል ጎንበስ ሲል ወለተ ሐና ከለከለችው።

«ምነው አያ ደረሰ! ምርቱ አህያ ላይ ሳይጫን መደቡ ይነሣል እንዴ?»

ይኸን ሥርዓት ከዚያ በፊት የሰማ ሰው አልነበረም። ግን አላውቅም ማለት ነውር ሆነና ሁሉም ወደ ጆንያው ተሯሯጠ። ተሰፈረ፣ ተሰፋ፣ ተጫነ።

ከዚያ ድንጋዩ ተነሣ። ከሥሩ ጭብጥ የምታክል ቀዳዳ ተገኘች፤ ከውስጧም አንዲት አይጥ ብቅ ብላ፣ ሕዝቡን አይታ ተመለሰች። ስለ አይጧ ያነሣ የለም።

«ተመልከቱ!» አለ ደረሰ። «ይኸ የዶማ አፍ ያረፈበት ነው። አያቴ ግራኝ ነበር፤ ወደ ግራ ያዘነበለችውን አያችሁ?»

«ወደ ግራ? አንተ በየት በኩል ቆመህ ነው? እስኪ በዚህ ና!»

«ቆዩ፣ አትርገጡት፣ ቅርስ ነው!» አለ ሠርክአዲስ፤ በባዶ እግሩ ተንበርክኮ ከኪሱ ሜትር አውጥቶ ወደ ቀዳዳዋ ሰደደ።

የመጀመሪያዋ ጠብታ አንገቱ ላይ አረፈች። ወለተ ሐና በጆንያዎቹ ላይ ቁርበት ደረበች። አውድማ ላይ የማይባለውን ቃል እሷም አላለችም።

«ጎማው የገባው በዚህ ነው!»

«በዚህ ነው እንጂ!»

አህዮቿን በለሆሳስ «ሂድ» አለቻቸውና፣ አውሮፕላን ሊነሣበት በተደለደለው ሜዳ ቀጥ ብላ ወደ ቤቷ ነዳች።