የፒያሳው ቅናሽ

የፊልሞን እንጀራ የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ባህል አዳራሽ አካባቢ በተከራያት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሠራባት ኮምፒውተር ግን አቅሟ እየደከመ ሄዶ ነበር። አንድ ፊልም አጠናቅቃ እስክታወጣ ቀኑን ሙሉ ታቃስታለች፤ አንዳንዴም መሀል ላይ ቀጥ ትላለች። ሙሽሮች ይደውላሉ፤ የሙሽሮች እናቶችም ይደውላሉ። አዲስ ኮምፒውተር የሚታሰብ አልነበረም። ሌላው ዕቃ እንዳለ ሆኖ የኮምፒውተሯን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን ብቻ፣ ከፍ ባለ ቢቀይረው ችግሩ እንደሚቃለል ግን ያውቃል።

በቴሌግራም የሚሸጡትን አላመናቸውም። አንድ ጓደኛው ከአዲስ አበባ ያስላከው ፕሮሰሰር ከማሽኑ ጋር አልገጥም ብሎት መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ እዚያው ከተማቸው ፒያሳ ያሉትን የኮምፒውተር ሱቆች አንድ በአንድ ማዳረስ ያዘ። አንዱ ጋ ዕቃው አለ፣ ዋጋው አይቀመስም። ሌላው ጋ ዋጋው ጥሩ ነው፣ ዕቃው ለእሱ ማሽን አይሆንም። በመጨረሻ አንዲት ሱቅ መስታወት ላይ «ቤት ስለምንለቅ ታላቅ ቅናሽ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየና ገባ። የሚፈልገው ነበር፤ አንድ ብቻ። ባለሱቋ ሐዳሳ የምትባል ረጋ ያለች ሴት ናት።

«ነገ ማዘርቦርድህን ይዘህ ና፤ እዚሁ ገጥመን እናየዋለን» አለችው።

በማግስቱ አማቱ ወይዘሮ ገበያነሽ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ከአለታ ወንዶ የሚመጡበት ቀን ነበር። ሚስቱ ሶፍያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ላይ ስለነበረች ከመነኻሪያ የሚቀበላቸው እሱ ነው። ሕፃኑን ጎረቤት ጋ አስቀምጦ፣ ፕሮሰሰሩ የሚሰካበትን ማዘርቦርድ በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ሄዶ ተቀበላቸው፤ ባጃጅ ውስጥ ካስገባቸው በኋላ «እማማ፣ ፒያሳ ትንሽ ጉዳይ አለችኝ፤ ቶሎ ነው የምጨርሰው» አላቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ወይዘሮ ገበያነሽ ቋንቋቸው ሲዳሙ አፎ ነው፤ አማርኛ የሚናገሩት በቁጠባ ነው። ፊልሞን ደግሞ የወላይታ ልጅ በመሆኑ ሲዳሙ አፎው ከሰላምታ አያልፍም። ብዙ ስለማይናገሩ ብዙም የማይሰሙ ይመስለው ነበር።

ሱቁ ውስጥ ሐዳሳ ለአሮጊቷ ወንበር ሰጠቻቸው። ከመንገዱ የተነሳ ደክሟቸው ስለነበር ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ሐዳሳ ፕሮሰሰሩን ማዘርቦርዱ ላይ አስቀምጣ ከስክሪን ጋር አገናኘችው። ስክሪኑ በራ።

«ገጥሟል» አለች ፈገግ ብላ።

ፊልሞን ልቡ ዘለለ፤ ፊቱን ግን አጨፈገገ። «ዋጋውን በጣም ቀንሺልኝ፣ እህቴ።»

«እሱ እኮ የተቀነሰው ነው።»

ከኋላቸው አንድ ወጣት ደንበኛ ዕቃውን አሻግሮ እያየ ነበር። ፊልሞን እንዳይቀደም ፈራ። የያዘው ገንዘብ ለዕቃው ይበቃ ነበር፤ ሁሉንም ማውጣት ግን አልፈለገም። በዚህ መሀል ሐዳሳ ወደ አሮጊቷ አየችና «እናትህ ናቸው? ምነው አሟቸው ነው?» አለችው።

«አዎ» አለ። ቃሉ እንዴት እንደወጣው አላወቀም። ከወጣ በኋላ ሌላው ተከተለ። «ከሆስፒታል እየመጣን ነው። ኩላሊታቸው ነው። የመድኃኒቱን ዋጋ አልቻልነውም። ይቺን ማሽን ጠግኜ የያዝኩትን ሥራ ካላስረከብኩ...» ንግግሩን ሆን ብሎ ሳይጨርስ ተወው።

የሐዳሳ ፊት ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ዋጋ አልተከራከረችም፤ ፊልሞን ሊጠራ ካሰበው ያነሰ ዋጋ ራሷ ጠራች። ማቀዝቀዣ ፋን ጨመረችለት። ከባንኮኒው ጀርባም ወጣችና ወይዘሮ ገበያነሽ እግር ሥር ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከች።

«እማማ፣ ልጸልይልዎት?»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ገልጠው ያዩት ሐዳሳን ሳይሆን ፊልሞንን ነበር። እሱ መሬት መሬት አየ።

ሐዳሳ እጇን ትከሻቸው ላይ አድርጋ ጀመረች። ወጣቱ ደንበኛ ኮፍያውን አወለቀ። ሐዳሳ ኩላሊታቸውን እግዚአብሔር እንዲዳስስ ለመነች። ቀጥላም «ይህን እናቱን የሚወድ ልጅ ባርከው፤ የእጁን ሥራ ባርክለት» አለች። ፊልሞን ዓይኑን ጨፍኖ ቆሞ ጆሮው ሲግል ተሰማው። መጨረሻ ላይ ሁሉም አሜን ሲሉ እሱም አለ። የወይዘሮ ገበያነሽ ድምፅ አልተሰማም።

«ስምዎትን ይንገሩኝ፤ በጸሎት ኅብረታችን እናነሳዎታለን» አለች ሐዳሳ እንባዋን እየጠረገች።

«ገበያነሽ» አሉ።

ፊልሞን ከፍሎ ዕቃውን ያዘና በባጃጅ ወደ ቤት ሄዱ። ሰፈር ሊደርሱ ሲሉ አሮጊቷ በአማርኛ፣ ቃላቱን እየለዩ፣ «ኩላሊት በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁት።

«እማማ...»

«ሴትዮዋ ነገ ብታገኘኝ ያመመኝን ቦታ ማወቅ አለብኝ።»

ፊልሞን ባጃጁ መንገድ ላይ ጥሎት ቢሄድ በወደደ።

«ለሶፍያ አልነግራትም» አሉ አሮጊቷ። «ባሏ ነህ። እኔ ግን እግዚአብሔር ፊት ሳልታመም ታማሚ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ዝም ያልኩት ሰው ፊት እንዳትዋረድ ነው። ዝም በማለቴ ግን እኔም ዋሸሁ።»

ማሽኑ ሲገጣጠም እንደተመኘው ሆነ። ቀን ይፈጅበት የነበረውን ፊልም በጥቂት ሰዓት ውስጥ አወጣው። ሶፍያ ደስ ብሏት «እንዴት በዚህ ዋጋ አገኘኸው?» ስትለው እናቷ ሕፃኑን እንደታቀፉ «ባለሱቋ ደግ ናት» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ፊልሞን የሚበላውን ትቶ ተነሳ።

በማግስቱ የተቀነሰለትን ገንዘብ ኪሱ ከትቶ ወደ ሱቁ ሄደ። ሐዳሳ ገና ከበሩ ስታየው «እማማ እንዴት አደሩ?» አለችው። ሱቁ ውስጥ ሰዎች ነበሩ። እውነቱን ሊናገር መጥቶ በሰዎቹ ፊት አፈረ።

«ደህና ናቸው» አለ።

«ተሻላቸው?»

«ምንም አላመማቸውም።»

ሐዳሳ እጇን ወደ ላይ አነሳች። «ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ! ትናንት የነገርኳችሁ እናት እኮ ናቸው!» ብላ ወደ ሰዎቹ ዞረች። አንዲት ሴት እልል አለች። «ይህማ በኅብረታችን ይመሰከራል!»

ፊልሞን ሳይሰናበት ወጣ። እስከ አደባባዩ ድረስ በፍጥነት ተራመደ፤ የሚሮጥ ይመስል ነበር። እዚያ ደርሶ ግን ቆመ። ይህቺ ሴት በማይክሮፎን ፊት ቆማ የእሱን ውሸት ስትመሰክር ታየችው። ተመልሶ ገበያተኞቹ እስኪወጡ በር ላይ ጠበቀ።

«አልታመሙም ነበር» አላት። «ከሆስፒታልም አልመጣንም። እናቴም አይደሉም፤ የሚስቴ እናት ናቸው። ዋጋ እንድትቀንሺልኝ ብዬ ነው።» ገንዘቡን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

ሐዳሳ ገንዘቡን አየችው። ደም ወደ ፊቷ ወጣ፤ ያፈረችው እሷ ትመስል ነበር።

«እሳቸው ያውቁ ነበር? ስንበረከክ ያውቁ ነበር?»

«የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሳቸው እኔን እንዳያዋርዱ ብለው ነው ዝም ያሉት።»

«እንዲያው ለምን? ትንሽ ብትከራከረኝ እኮ እቀንስልህ ነበር። ቤቱን ልለቅ ነው፤ ዕቃው መሸጥ አለበት።» ገንዘቡን ሳትቆጥር መሳቢያ ውስጥ ጨመረችው። «አሁን ሂድ፤ እባክህ።»

ማታ ሶፍያ ከሥራ ስትገባ፣ እናቷ በተቀመጡበት፣ ራሱ ነገራት። አልጮኸችም። «እናቴን?» አለች ብቻ። ሕፃኑን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፤ በሩንም ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ለቀናት የምታናግረው ስለ ልጁና ስለ ቤት ጉዳይ ብቻ ነበር።

ወይዘሮ ገበያነሽ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ወደ መነኻሪያ የሚሸኛቸው ፊልሞን ሆነ። ፒያሳ ሲደርሱ ባጃጁን እንዲያስቆም ነገሩት። አብሯቸው ሊወርድ ሲል በእጃቸው ከለከሉት።

ከመንገዱ ማዶ ሆኖ በመስታወቱ በኩል አያቸው። ሐዳሳ ከባንኮኒው ጀርባ ወጣች። አሮጊቷ ብዙ ተናገሩ፤ እሱ ብዙ ሲናገሩ አይቷቸው አያውቅም። ሐዳሳ አጎንብሳ ጉልበታቸውን ልትነካ ስትል ቀድመው ያዟትና አቀፏት። ሁለቱም እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ ከማዶ አልለይ አለው። ወደ እሱ አንዳቸውም ዞረው አላዩም።

ሲመለሱ ባጃጁ ውስጥ ገቡና ነጠላቸውን አስተካከሉ።  ምን እንደተባባሉ አልነገሩትም። መነኻሪያ ደርሰው ሻንጣቸውን ተሸክሞ መኪናው ውስጥ ካስገባላቸው በኋላ፣ በመስኮት በኩል «ከልጄ ጋር ታረቅ» አሉት። «ጊዜ ይፈጃል፤ አትቸኩል።»

መኪናው እስኪወጣ እዚያው ቆመ፤ ቀና ብሎ ሊያያቸው ግን አልቻለም።