ወንበር የያዘ ጆንያ

ጢው፣ ጢው፣ ጢው።

ዓይኔን ሳልገልጥ ነው የሰማሁት። የምተኛው ወፍጮ ቤቱ ጓዳ ውስጥ፣ ባዶ ጆንያ ደራርቤ ስለሆነ የመንገዱ ድምፅ ሁሉ ጆሮዬ ሥር ይመጣል። ይኼኛው የአዲሱ ፎቅ የመኪና መግቢያ በር ነው። ሲከፈት ይጮኻል፣ ሲዘጋ ይጮኻል፣ ሐሳቡን ቀይሮ የሚመለስ ሰው ካለም ይጮኻል። «የወፍጮ ጩኸት እንቅልፍ ነሳን» ብለው ማዘጋጃ ቤት የከሰሱን እንግዲህ የዚህ በር ባለቤቶች ናቸው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

ፎቁ የቆመው እንጨት መሸጫውና የሰፈሩ ቧንቧ በነበሩበት ላይ ነው። ወደኛ በሚያየው ግድግዳ ላይ ወንፊት የያዘች አሮጊት አስለውበታል፣ ሦስት ፎቅ የምታህል። የሰፈሩን ነፍስ ለመጠበቅ ነው አሉ። እንዲያ ያለች አሮጊት ሰፈሩ ውስጥ ኖራ አታውቅም። ጥርሷ ሙሉ ነው፣ እጇ ላይ ጠባሳ የለም፣ ያን ሁሉ ዱቄት ስትነፋ ቅንድቧ ላይ አንዲት ብናኝ አላረፈችም። ባየኋት ቁጥር ምራቄ ይመርረኛል።

«ደመናው፣ ነቃህ ወይስ እዚያው ሰማይ ላይ ነህ?» አለ አጎቴ ከውጭ።

ስሜ ደመናው አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ወደ ላይ ከማየት ሌላ ሙያ አላወጣሁም ሲል ያወጣልኝ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ያሳደገኝ ደግሞ በዚህ የወፍጮ ድንጋይ ነው። ሽፋሽፍቱ ከመነሻው ነጭ ይሁን ዱቄት ይሁን እስካሁን አላውቅም። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ እርሻ የለው። ወፍጮውን ከወሰዱበት የሚቀረው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ሰውን የሚያቆም ነገር አይደለሁም።

በእኛ ወፍጮ ቤት ሰው አይሰለፍም፤ ጆንያ ነው የሚሰለፈው። አስፈጪው ማለዳ መጥቶ ጆንያውን ከመጨረሻው ጆንያ ኋላ ያቆምና ወደ ሥራው ይሄዳል። ሲመለስ ጆንያው ወደ ፊት ተራምዶ ያገኘዋል። እዚህ ሰፈር ሁሉም በየቋንቋው ይሳደባል፣ በየእምነቱ ይጸልያል፤ ጆንያ ግን የማንም ሆነ የማን ተራው ተራ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ጆንያቸውን አሰልፈው ሄደው፣ ቤታቸው ደርሰው ሞቱ። አጎቴ ጆንያቸውን አላለፈውም። ተራው ሲደርስ ፈጨውና ለቀስተኛው ወዳለበት ቤት ላከው። ማንም አልተገረመም።

የሰፈሩን ዜና የምታመጣው እትዬ ወሬ ናት። የተገለበጠ ቆርቆሮ ጣሳ ላይ ትቀመጥና ትጀምራለች።

«የጫማ ሰፊው ክፍል ምን እንደሆነ ሰማችሁ? ውሻ ማጠቢያ።»

«ለሰው ነው ለውሻ?» አለ አጎቴ፣ ማፍሰሻው ላይ እህል እየጨመረ።

«ለውሻ ነው ያልኩህ። ሻምፖ አለው፣ ፎጣ አለው። ጎሚስታ ቤቱ ደግሞ ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተጋድመው አተነፋፈስ የሚማሩበት ሆኗል።»

«አተነፋፈስ?»

«አዎ። እኛን ማን እንዳስተማረን እንጃ።»

እኔ ደግሞ ከስልኬ የፎቁን ሰዎች ዜና አነብላቸዋለሁ። «የሰፈራችን ድምፅ» የሚባል ግሩፕ ከፍተዋል። የሰፈሩን ሰው አላስገቡም፤ እኔ የገባሁት የመጀመሪያ ቀን መግቢያው ክፍት ስለነበር ነው። «ዛሬም በረንዳዬ ላይ ነጭ ነገር አገኘሁ። ልጄን ሳል ይዞታል። የወፍጮው ጉዳይ እስከ መቼ?» ይላል። ከሥሩ ፎቶ አለ።

እትዬ ወሬ ስልኩን ተቀብላ ራቅ አድርጋ አየችው፤ ከዚያ አቅርባ አየችው።

«ይኼማ የርግብ ኩስ ነው» አለች።

ሳቅን። ለካስ ማዘጋጃ ቤት የገባው ይኼው ፎቶ ኖሯል።

የማዘጋጃ ቤቱ ውሳኔ አጭር ነበር። ነዋሪው በፎቁ አዳራሽ ይሰብሰብ፤ ከተገኘው አባወራና እማወራ የሚበዛው ወፍጮው ይቆይ ካለ ይቆያል፣ ይነሳ ካለ ይነሳል። አጎቴ ሲነግሩት ደስ አለው። «ቁጥር ከሆነማ እኛ እንበዛለን» አለ። እውነቱን ነው፤ እንበዛ ነበር።

በስብሰባው ቀን ማለዳ እትዬ ወሬ ሰፈሩን ቀሰቀሰች። «በጊዜ ሄደን ቦታ እንያዝ፣ ኋላ ቆማችሁ እንዳትቀሩ።» ሁሉም መጣ። ዘበኛው ገና በሩን ሲከፍት ገባንና የፊቱን ረድፎች በሙሉ ያዝን። አንዷ ነጠላዋን ወንበር ላይ ዘረጋች፣ አንዱ ጃንጥላ አጋደመ፣ አንዱ የሚጸልይበትን ምንጣፍ አጥፎ አስቀመጠ። ምንም ያልያዘው ሰው ከእኛ ባዶ ጆንያ ወሰደ። የሕፃን ጫማ ያስቀመጠችም ነበረች። አጎቴ ኮፍያውን መሃል ወንበር ላይ አኖረና እንደ ልማዱ ጫፉን አስተካከለ። ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ሄደ። ስብሰባ መቼም በሰዓቱ አይጀመርም፤ ቢጀመርስ፣ ቦታ ተይዟል።

እኔ ቀረሁ። አዳራሹ ብርድ ብርድ ይላል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለች ትንሽ ነጭ ሳጥን በየመሃሉ ፍስስ ትላለች፤ ስትተነፍስ ክፍሉ ትኩስ ዳቦ ትኩስ ዳቦ ይሸታል። መጀመሪያ አላመንኩም። ተጠግቼ አሸተትኩ። ዱቄታችሁ ገደለን ያሉት ሰዎች የዳቦ ሽታ በጠርሙስ ገዝተው ይረጫሉ።

በሰዓቱ ጀመሩ። በሰዓቱ ስል፣ ሰዓቱ ላይ። የፎቁ ሰዎች ከሊፍቱ እየወጡ ገቡ፣ ጫማቸው ድምፅ የለውም። ሰብሳቢው፣ የጥርስ ሐኪም ነው ይባላል፣ የራሱ ጥርስ እንደ ሰሃን ነጭ ነው፣ የፊቱን ረድፎች አየና ቆመ።

«ይኼ ዕቃ የማነው?»

«የሰዎች ነው» አልኩ። «ቦታ ይዘው ነው፣ ይመጣሉ።»

«የት ነው ያሉት?»

«ሥራ ላይ።»

«ወንድሜ፣ ወንበር ለሰው ነው» አለኝ፣ በጣም በትሕትና።

አንዲት ሴት አንዱን ጆንያ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ ፊቷን አዙራ ለዘበኛው ሰጠችው። የሞተ አይጥ እንደዚያ ነው የሚያዘው። ዘበኛው፣ የእኛው ሰፈር ልጅ፣ ዓይኔን ሳያይ ነጠላውንም ጃንጥላውንም የጸሎት ምንጣፉንም ሰብስቦ መጸዳጃ ቤቱ በር ጥግ ቆለለው። የሕፃኑ ጫማ ከክምሩ ላይ ተንከባለለ፤ በእግሩ መለሰው።

አጎቴ ጋ ደወልኩ። አያነሳም፤ ሞተሩ እየዞረ ስልክ አይሰማም። ወደ በሩ ሮጥኩና ማዶ የቆመችውን እትዬ ወሬን «ተጀምሯል! ጥሪያቸው!» ብዬ ጮኽኩ። ነጠላዋን ፈለገች፤ ወንበር ላይ ትታዋለች። እንዲሁ ራሷን እንደያዘች ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጠች።

ስመለስ ሰብሳቢው «ክርክር ያለው?» እያለ ነበር። እጄን አነሳሁ።

«አባወራ ነህ?»

«የእህቱ ልጅ ነኝ።»

«እንግዲያው በታዛቢነት ትቆያለህ። ወፍጮው ከመኖሪያ ሰፈር ይነሳ የምትሉ?»

እጆች ወጡ፣ የታጠቡ እጆች። ከመካከላቸው አንዱን አውቀዋለሁ። ጣቱ ላይ የመርፌ መከላከያ ቆቡን እንዳጠለቀ ነው። ጣቃው የምንለው ልብስ ሰፊ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሱሪዬን ሲያሳጥር፣ ሲያስረዝም፣ ሲጥፍ የኖረው። ለፎቁ መስኮቶች በሙሉ መጋረጃ እንዲሰፋ ሰጥተውታል። እጁን አውጥቶ አላወጣውም። ከጆሮው አጠገብ አቁሞት፣ ጆሮውን እንደሚያክ ሰው አስመሰለው። ግን ተቆጠረ።

«ይቆይ የምትሉ?»

ክምሩ ጥግ ላይ ነበር። እጅ የለውም።

ጸሐፊው ጽፎ ሳይጨርስ የእኛ ሰዎች ገቡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። አንዱ የሲሚንቶ እጁን ሳይታጠብ፣ አንዷ ልጇን እያጠባች፣ አጎቴ ከራሱ እስከ እግሩ ነጭ ሆኖ። የፎቁ ሰዎች እንዳይነካቸው ጉልበታቸውን አጠፉ። አንዱ ትከሻውን አራገፈ፤ ምንም ሳይነካው።

«ተራችን ደረሰ?» አለች እትዬ ወሬ።

«እማማ፣ አልቋል» አለ ሰብሳቢው።

«እንዴት ነው የሚያልቀው? ቦታ ይዘናል እኮ!»

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀችና አፏን ያዘች። ክፋት አልነበረባትም፤ ይኼ ነው የባሰው። ከዚያ የእኛ ሰዎች ወደ ጥጉ ሄደው ዕቃቸውን መፈለግ ጀመሩ። «ያንቺ ነው የኔ?» «ተይው፣ የኔ ጫፉ የተቃጠለው ነው።» ቤቱ የሚፈርስበት ሰው እንኳ እንዲህ ለነጠላ አይጣላም።

ሰብሳቢው አጎቴን ክንዱን ሊይዘው ብሎ ዱቄቱን አየና እጁን መለሰ።

«አባቴ፣ እንዳያስቡ። ሥራውን ለማቆም አንድ ወር ተሰጥቶዎታል። ድንጋዩን ደግሞ አንጥለውም፤ መግቢያው ላይ አቁመን መብራት እናደርግለታለን። እርስዎም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ለልጆቻችን ያስረዳሉ። እንዲሁ እንዳሉ፣ ከነዱቄትዎ።»

አጎቴ ወደ በሩ ዞረ። ሳጥኗ ፍስስ አለች።

«እህል አስገብቼ ነው የመጣሁት» አለና ወጣ።

በማግስቱ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እንደዚያ ያለ የጆንያ ብዛት አይቼ አላውቅም። ሳይዘጋ ያለንን እናስፈጭ ብለው የከረመውንም፣ የነቀዘውንም አምጥተዋል። የነቀዘው እህል ሲከፈት ጆንያው አፍ ላይ ጥቁር ነገር ይርመሰመሳል፤ «ግድ የለም፣ አብሮ ይፈጫል» አለችኝ ባለ እህሏ። ከዚያ ያልነበረ ነገር ተደረገ። አንዱ የሌላውን ጆንያ ገፍቶ የራሱን ፊት አቆመ። ያኛው ሲመለስ ሁለቱንም ገፋ። አንድ ጆንያ ተቀደደ፣ ስንዴው መንገድ ላይ ፈሰሰ፤ እየረገጡት ይሰዳደባሉ፣ ያውም ሁሉም በሚሰማው ቋንቋ።

«ጥፋቱ ያንተ ነው» አለች እትዬ ወሬ ለአጎቴ። «ትናንት አፍህን ከፍተህ ብትናገር ምን ነበረበት? ለማንኛውም የኔን አስቀድምልኝ።»

አጎቴ ይፈጫል።

ጣቃው የመጣው በዚህ መሃል ነው። ጆንያውን ተሸክሞ በሰልፉ ጎን እየሳቀ አለፈና በሩ ላይ፣ ከሁሉም ፊት፣ አቆመው።

«ቸኩያለሁ እናንተዬ፣ መጋረጃው ለነገ ይፈለጋል።»

አሁን ይቀጠቅጡታል አልኩ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ሲሚንቶ የሚያቦካው ሰውዬ ወደ እሱ ጠጋ አለ።

«እዚያ ፎቅ ዘበኛ ይጨምራሉ የሚባለው እውነት ነው?»

«እጠይቅልሃለሁ።»

«ለኔ ልጅስ?» አለች እትዬ ወሬ፣ ጆንያውን እንዳይወድቅ በእግሯ ደገፍ እያደረገችለት። «ደረጃ ብትጠርግ፣ መስኮት ብትወለውል። አንተ እንደሆንክ ሰው ወዳድ ነህ።»

«እንጃ እንግዲህ፣ ንጹሕ ሰው ነው የሚፈልጉት።»

«ኧረ ልጄ ንጹሕ ናት፤ ትናገራለህ አንተ።»

ወደ አጎቴ ዞርኩ፤ እሱም በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር።

ተመልሶ ገባ። ማፍሰሻው ውስጥ የቀረው እህል እስኪያልቅ ጠበቀ። ድንጋይ በባዶው እንዳይፋጭ የላይኛውን ከፍ አደረገ፣ ሞተሩን አጠፋ። ዱቄቱን በባለ እህሏ ጆንያ ውስጥ ጠራርጎ አስገባና አፉን አሰረላት። ሽርጡን ፈታ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና በጆንያዎቹ መካከል፣ አንዱንም ሳይነካ፣ ወጣ።

«ጋሼ፣ የኔ ተራ ደረሰ?» አለ ጣቃው።

«ጋሼ!» አልኩ እኔም።

እሱ የሚያድርበት ቤት በግራ በኩል ነው። ከሰፈሩ በሚያስወጣው በቀኙ መንገድ ሄደ።