ቅርበት የሚበላው ምድጃ

ዳምጠው የሠራው ምድጃ ከሰል አይፈልግም፤ መብራትም አይፈልግም። የሚያነደው ቅርበት ነው። አንድ ወጥ በተሠራበት ቁጥር በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ያለው መሬት የምስር ፍሬ ያህል ይረዝማል። ይሄን መጀመሪያ ላይ ያወቀ ሰው አልነበረም፤ ዳምጠው ራሱም አላወቀም።

በቆርቆሮ ተራ አንድ ደንብ አለ። ጠጅ አሳላፊ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀድሞ እንደሚቀምስ ሁሉ፣ አዲስ ዕቃ የሠራም ሰው ገበያ ከማውጣቱ በፊት በገዛ ቤቱ ይቀምሰዋል። ዳምጠው ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ጥሎ መዶሻ ቢይዝም ደንቡን ያከብራል። በሩን ዘግቶ ሽሮ ሠራ። ነበልባሉ ሰማያዊ ነው። አላሳለውም፤ ግድግዳው አልጠቆረም። ቤቱ ውስጥ የጎደለ ነገር አልነበረም። ደጁን ያየ ግን የለም። ደንቡ ደጅህንም ቅመስ አይልም።

ከጠባቧ ቅያስ ማዶ ታላቅ እህቱ እታለም ትኖራለች። እናታቸውን የከሰል ጭስ ከገደላት ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን እግሮቿ አይታዘዙላትም። ዳምጠው ከብስክሌት ቸርኬ መዘውር ሠርቶ ከመስኮቱ እስከ መስኮቷ ገመድ ዘርግቷል። ምሳዋን በዘንቢል ይልክላታል፤ እሷ ሰሃኑን አጥባ ትመልሳለች። የመጀመሪያውንም ምድጃ የላከው ለእሷ ነው።

«እኔ ለማን ልሠራበት ብለህ ነው?» አለችና አልጋዋ ሥር አስቀመጠችው።

ምድጃውን ሰዉ ተሻማው። ጭስ ከሰፈሩ ጠፋ፤ የሕፃናቱ ሳል ቆመ።

በጥቅምት እታለም ከመስኮቷ ተጣራች። «ዳሜ፣ ወጡ ቀዝቅዞ ደረሰኝ።»

«ትኩስ ነው የላክሁት።»

«ትኩስማ ነበር። መንገዱ ነው የረዘመው።»

ዳምጠው አንገቱን አውጥቶ ቅያሷን አያት። ድሮ ሁለት ሰው ሲተላለፍ ትከሻ ለትከሻ ይታከክባት ነበር። አሁን ጋሪ እያለፈባት ነው። በኅዳር ባጃጅ ገባ፤ ዳምጠውም በምድጃው ወጥ በተሠራ ቁጥር ቅያሷ እንደምትሰፋ ልብ አለ። በጥር ሚኒባስ ገባ፤ አብሮ አደጉ ከሊፋ ወያላ ሆኖ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል፦ «ጎረቤት! ጎረቤት! አንድ ሰው የቀረው ጎረቤት!»

በቤቶቹ መሀል በተገኘው አዲስ መሬት ላይ ሱቅ በቀለ፣ ምግብ ቤት ተከፈተ፣ ፎቅ ተጀመረ፤ በየአዲሱ ቤትም አዲስ ምድጃ ነደደ። ሥራ ፈትቶ ድንጋይ ላይ ሲውል የነበረ ጎረምሳ ሁሉ ሥራ ያዘ። አንዲት የዕድገት ባለሙያ ሜትር ይዛ መጣች፤ ለካችና ደስ አላት።

«ሰፈራችሁ አድጓል» አለች።

«ወይዘሪት፣ የኔ ምድጃ እኮ ነው የሚያራርቀን።»

«የሚያሳድገን በል።»

«እህቴ እየራቀችብኝ ነው።»

«ትራንስፖርት አለ አይደል እንዴ?» አለችና ሜትሩን ጠቀለለችው።

ዳምጠው ወደ ከሊፋ ሄደ። «ምድጃዎቹን እንሰብስባቸው» አለው።

«ነካ አደረገህ እንዴ ጀለሴ? ዘንድሮ ገና ለልጄ ጫማ ብገዛላት! ደሞስ እናትህ በምን ሞተች?»

«በጭስ።»

«እና?»

ዳምጠው ዓይኑን ወደ እህቱ መስኮት መለሰ። ከሊፋ አንጀቱ አልችል አለና፣ «በል ግባ፣ እህትህ ጋ ላድርስህ» አለው። ጠዋት ከሾፌሩ ጋር በሚኒባሱ ተነሡ። በፊት መስተዋቱ የእታለም መስኮት ፊት ለፊታቸው ነበረች። ዳር ዳር ያሉት አዳዲስ ቤቶች ቁርስ ይሠሩ ነበር፤ ቀጥሎ ምሳ ሠሩ። ቤንዚኑ ሲጋመስ መስኮቷ ከተነሡበት ሰዓት ይልቅ አንሳ ታየች።

«ከዚህ ካለፍን መመለሻም የለን» አለ ከሊፋ። ተመለሱ።

በማግሥቱ ዳምጠው ምድጃውን አጠፋ። ሌላው ባያጠፋ እኔ ላጥፋ ብሎ ነው። ከሰል ፈልጎ ሊያቀጣጥል ሲል ጎረቤቶቹ ጭስህ ልጆቻችንን ሊገድል ነው ብለው ውኃ ደፉበት። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ደረቅ ዳቦ ገዝቶ ግማሹን ለእታለም በገመዱ ላከ፤ ግማሹን መስኮቱ ላይ ተቀምጦ በላ። ቅያሷ አልተመለሰችም። ቅርበት ሲነድ አመድ እንኳ አይተውም። ገመዱ ግን አልተበጠሰም፤ ማንም ሳይቀጥልበት ይረዝማል።

እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። ዳምጠው ከሳ። የእታለም መስኮት የምስር ፍሬ አከለች። እሷ ግን ዓይኗ ድሮም የጭልፊት ነበር።

አንድ ቀን ከቀትር በፊት ዳምጠው ዳቦ ሊልክ ሲነሣ መዘውሩ ቀደመው። ከማዶ እየተሳበ ነበር። ዘንቢሉ ደረሰ። በእታለም ነጠላ የተጠቀለለ ድስት አለበት። ከፈተው፤ የምስር ወጥ ነው። እንፋሎቱ ፊቱን መታው። ጣቱን ነከረና ቀመሰ። ይፋጃል፤ ጨውም አለው። እጁን ወደ ድስቱ ሥር ሰደደና መዳፉን ገልብጦ አየ። ጥቀርሻ የለም።

ቀና ብሎ መስኮቷን አየ። በምስሯ ፍሬ ውስጥ ሰማያዊ ነገር ብልጭ ይላል።

«እታለም!» ብሎ ጮኸ። «አጥፊው! ጠግቤያለሁ!»

ድምፁ መንገድ ጀመረ። ባለሱቆቹ አንገታቸውን አዙረው ሲያልፍ አዩት። ከመድረሱ በፊት መስኮቷ ጠፋች። በቦታዋ ሰማይ ብቻ ቀረ።

መዘውሩ አሁንም ይዞራል። ባዶውን ዘንቢል ወደ ማዶ እየሳበው ነው፤ እራት ሊጫንበት።