ሦስት ሳህን፣ አንድ ትሪ

"አርባ አራት ኪሎ ከሦስት መቶ" አለች ኢፍቱ በመገናኛው ስልክ።

የምስራች ቁጥሩን ልትጽፍ ብዕሯን አነሳችና ተወችው። "እስቲ ውረጂና እንደገና ውጪበት።"

ልጅቷ ሚዛኑ ላይ እንደገና ወጣች። ያው ነው። በሃምሳ ሁለት ቀን ውስጥ ሰባት ኪሎ ቀንሳለች።

አዳማ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ግቢ ጥግ፣ ድሮ መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ሦስት ወጣቶች በፈቃዳቸው ተዘግተው ተቀምጠዋል። ለዘጠና ቀን ሰው አይገባባቸውም፣ እነሱም አይወጡም። ወደ ማርስ የሚጓዝ ሰው ስንትና ስንት ወር መንኮራኩር ውስጥ ተዘግቶ ደረቅ ምግብ ብቻ ሲበላ ሰውነቱ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነው። ዘበኛው አቶ ሆራ በየጠዋቱ "ዛሬስ የት ደረሱ?" እያለ ይቀልዳል። ዛሬ የምስራች አልሳቀችለትም።

የምግቡ ባለቤት እሷ ናት። የመቂን ቲማቲምና ቃሪያ፣ የቆቃን ዓሣ፣ ሽሮውንም ስጋውንም አድርቃና ፈጭታ በየስማቸው አሽጋ ያስገባችው እሷ ናት። የቫይታሚን ኪኒን አይሰጣቸውም። የጥናቱ ሐሳብም ይኸው ነው፤ ሰው በአገሩ ምግብ ብቻ ይዘልቅ እንደሆነ ማየት።

ለማንም ያልተናገረችው ነገር ግን አለ። ቲማቲምና ቃሪያው ማድረቂያው ውስጥ እያለ መብራት ሁለት ቀን ጠፋ። ሲመጣ፣ ልጆቹ የሚገቡበት ቀን ደርሶ ስለነበር፣ ሙቀቱን ከሚገባው በላይ ጨምራ በአንድ ቀን አደረቀችው። ቫይታሚን ሲ ሙቀት እንደማይወድ ለተማሪዎች የምታስተምረው ራሷ ናት። እያወቀች አሸገችው። አዲስ አበባ ለምርመራ የተላከው ናሙና እስካሁን መልስ አልመጣለትም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ እሷም እንቅልፍ የሚባል ነገር በቅጡ አላየችም።

የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር አብተው ሦስት ሰዓት ላይ መጥቶ መዝገቡን አገላበጠ። እሽጎቹ ሁሉ ባዶ ሆነው ይመለሳሉ፤ የተረፈ የለም።

"እየበላች ነው የምትከሳው" አለ በመጨረሻ። "እንግዲህ ወይ ልጅቷ ታማለች፣ ወይ ምግብሽ ምግብ አይደለም። እስከ ስምንት ሰዓት ምክንያቱን ጽፈሽ አምጪልኝ።"

በክፋት አይደለም የተናገረው። ምናልባት የሳህኖቹ ጠርዝ ላይ የቀረ ምግብ ይኖር እንደሆነ ብላ፣ ልጆቹ ሳህኖቻቸውን ዕቃ በሚቀባበሉባት ትንሽ መስኮት እንዲያወጡላት ነገረቻቸው። ሦስቱን ተቀብላ ብታያቸው የሱቁ የዋጋ ወረቀት ውስጣቸው ላይ እንደተለጠፈ ነው። አንድም ቀን ምግብ አልነካቸውም።

ስልኩን አነሳች። መልስ የሰጣት ከሁለቱ ወንዶች አንዱ፣ ነገሪ ነበር።

"አካም ቡልተኒ፣ እትዬ የምስራች" አለ የጠዋት ሰላምታውን በኦሮምኛ።

"ነገሪ፣ በምንድን ነው የምትበሉት?"

"በትሪ ነው።"

"ሦስታችሁም?"

"አዎ። መጀመሪያ ቀን እንደተባልነው ሞክረን ነበር። ሁላችንም የየራሳችንን ሳህን ይዘን ዞር ዞር ብለን ስንቀመጥ የተጣላን መሰልን። ምግቡን ገና ሳናወጣ ዘካርያስ ተነሳና የሁላችንንም እሽግ ቀዶ ትሪ ላይ ገለበጠው።"

የምስራች መዝገቡን አየችው። ማን ስንት ግራም በላ ብላ የጻፈችው የሃምሳ ሁለት ቀን ጽሑፍ ሁሉ ውሸት ሆነ።

"ኢፍቱስ በደንብ ትበላለች?"

"እሷማ ታጎርሰናለች" አለ። ከአፉ ሲወጣ ነው የገባው መሰል፣ ድምፁ ዝቅ አለ። "እኔ ብስክሌቱ ላይ ስፖርት ከሠራሁ በኋላ በጣም ይርበኛል። ጠገብኩ ብላ ቀድማ እጇን የምታነሳው ሁልጊዜ እሷ ናት።"

ጥፋቱ የምግቡ አይደለም ማለት ነው ብላ አሰበች የምስራች። ደስ አላት፤ አንዲት ልጅ ከስታ እሷ ደስ ስላላት ደግሞ አፈረች። ቢሆንም ወረቀቱን ስባ ቶሎ ቶሎ ጻፈች፤ ሦስቱም ከአንድ ትሪ እንደሚበሉ፣ ኢፍቱ ድርሻዋን ለሌሎቹ እያጎረሰች እንደከሳች፣ ከዛሬ ጀምሮ በየሳህናቸው መብላት እንዳለባቸው። ምግቡን የሚመለከት አንድም ቃል አልነበረበትም።

ኢፍቱ ስልኩን ተቀበለች። ጥናቱ እንዳይበላሽ ለዶክተሩ እንዳትናገርባቸው ለመነቻት። ወንጂ ቤታቸው ስድስት ልጆች እንደሆኑ፣ ታናናሾቿ ሳይጠግቡ እሷ ጠግባ እንደማታውቅ ነገረቻት።

"ልማድ ሆኖብኝ ነው የማጎርሳቸው፤ አይርበኝም" አለች። "ደግሞ ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማል። እሱም ከመክሳቱ ነው፣ እትዬ?"

የምስራች አዎ ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። "ነገሪን መልሰሽ ስጪኝ።"

ነገሪ ከገባ ወዲህ ሁለት ኪሎ ጨምሯል።

"የአንተስ ድድ እንዴት ነው?"

"ይደማል። የዘካርያስም እንደዚያው ነው። ውሃው መስሎን ነበር።"

ስልኩን አስቀመጠች። ቫይታሚን ሲ ሲጎድል ድድ ይደማል። ትሪው የኢፍቱን ኪሎ እንጂ ሆዱ እስኪሞላ የበላውን የነገሪን ድድ አያስረዳም። የጻፈችው ወረቀት ግን ያለቀለት ነው። ዶክተሩ አንብቦ ያምናታል፣ ማንም ስለ ማድረቂያው አይጠይቃትም፣ ልጆቹም ሠላሳ ስምንት ቀን ያንኑ ዱቄት ሲበሉ ይቆያሉ።

ከታች ባለው ባዶ ቦታ ላይ መብራት የጠፋበትን ቀን ጻፈች። ሙቀቱን ማን እንደጨመረውም ጻፈች፣ ፈረመችም።

ከዚያ ግቢው በር ላይ ፍራፍሬ ከምትሸጠው ሴት ቫይታሚን ሲ የሞላበት ዘይቱን አንድ ኪሎ ገዝታ ተመለሰች። አቶ ሆራ ያልደረቀ ምግብ መግባት ክልክል እንደሆነ ያውቃል፤ ፊቷን አየና መንገድ ለቀቀላት። ፍሬዎቹን አጥባ በሦስቱ ሳህኖች እኩል አደረገች። በአንድ ጊዜ መከፈት የሌለባቸውን የመስኮቷን ሁለቱንም በሮች ከፈተችና ኢፍቱን ጠራቻት።

ልጅቷ መጣች። በሃምሳ ሁለት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተያዩ። ጉንጮቿ ገብተዋል። ሳህኑን ተቀብላ፣ ትልቁን ፍሬ አንስታ ወደ ኋላዋ፣ ወደ ነገሪ ዞረች።

"ኧረ ቆይ" አለች የምስራች። ፍሬውን ከእጇ ተቀብላ በቢላ ቆረጠችና እጇን እስከ ክንዷ በመስኮቷ አስገብታ አጎረሰቻት። እስክትውጥ ጠብቃ ሁለተኛውን ቆረጠች።