ከሠላሳኛው ገጽ ወዲያ

አማካሪዋ የከነከናትን ነገር ሳታጣራ እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። ሰሞኑን የከነከናት የአንድ የማስተርስ ተማሪዋ ረቂቅ ነው። ልጁ የሚያጠናው እግረኛ የተሠራለትን መንገድ ትቶ ለምን ሳር እየረገጠ እንደሚያቋርጥ ነው። አጻጻፉ ደስ ይላል፤ ግን ከየትኛውም መጽሐፍ ሲጠቅስ ከሠላሳኛው ገጽ አያልፍም። ባልደረቦቿ «መግቢያው» የሚል ስም አውጥተውለት፣ ሰነፍ ነው ብለው ፈርደውበታል።

እሷ ግን አልዋጥልሽ አላት። ሰነፍ ሰው ያነበባትን መች እንዲህ አድርጎ ያኝካል? ረቂቁ ለገምጋሚዎች ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው ቢሮዋ አስጠራችው።

«እስቲ ንገረኝ፣ ከሠላሳኛው ገጽ ወዲያ ምን ጅብ አለ?»

ልጁ አቀረቀረ። «ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚያሳዩት እስከዚያ ነው ዶክተር። ከዚያ ወዲያ ክፈል ይላል። እኔ ደግሞ ልጆች አስጠንቼ የማገኛት ከቤት ኪራይና ከትምህርት ክፍያ አታልፍም። የቀረውን በግምት ሞላሁት።»

አማካሪዋ ዞር ብላ ከመደርደሪያዋ ልጁ አብዝቶ የሚጠቅሰውን መጽሐፍ መዘዘች። ልጁ ለምክር በመጣ ቁጥር ፊት ለፊቱ ነበር።

«ምነው ሳትጠይቀኝ?»

«አንብቤዋለሁ ብዬ ከጻፍኩ በኋላ በምን አፌ?»

አፈረች፤ በእሱ ሳይሆን በራሷ። ዓመቱን ሙሉ ስለ ሥርዓተ ነጥብ ስትቆጣው ከርማለች። መጽሐፉን አስይዛ ሰደደችው።

በሦስተኛው ቀን ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። «መደምደሚያዬን ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ አገኘሁት። መንገዱን የነደፈው ሰው በእግሩ ስለማይሄድ ነው ይላል። ልክ እኔ እንደጻፍኩት።»

አማካሪዋ ተገረመች። የመጽሐፉ ደራሲ ዕድሜውን የፈጀበት ቦታ ልጁ በግምት ደርሷል። ገምጋሚዎች ግን ቀድሞ ለተባለ ነገር ማርክ አይሰጡም። ከጣሉት ሌላ ሴሚስተር መክፈል አለ፣ እሱ ደግሞ የሚከፍለው የለውም፤ ትምህርቱ እዚሁ ላይ ሊቆም ነው።

«በመጀመሪያው ወር ባነበው ኖሮስ?» ሲል ጠየቃት።

ልታባብለው ፈልጋ ነበር፤ ውሸት ግን አልወጣላትም። «ከዚያ ትጀምር ነበር» አለችው።

ልጁ መጽሐፉን መልሶ ገለጠው። «ሳሩን መጀመሪያ የረገጠው ሰው ማን እንደሆነ ግን ደራሲው አልጠየቀም። ሌሎቹ ለምን እንደተከተሉትም። ስንት ቀን ቀረኝ?»

«አራት።»

«ሌሎቹ ተማሪዎች ዓመት ነበራቸው» አለ፣ ምሬት በሌለው ድምፅ፣ ሊጽፍ ወንበር እየሳበ።